ሁለት ጥርስ በዲመካ፣ አንድ መንጋጋ በጂንካ

በመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዲመካ ገበያ ዳር በተተከለ ድንኳን ውስጥ የመምህርት ታደለች ሁለት የታች መንጋጋ ጥርሶች ተነቀሉ። ጥር አጋማሽ ላይ ጂንካ ስደርስ ቁስሉ አልዳነም ነበር። ጥርሶቹ በነበሩበት ቦታ የሚታየው ድድ ሳይሆን አጥንት ነው።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። የእሷንም የሌሎቹንም ስም ቀይሬአለሁ። ከተሞቹንና መንገዱን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እሑድ

ከአዲስ አበባ ስንነሣ ገና አልነጋም። መኪናው ውስጥ ሦስት ነበርን፤ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት፣ ሾፌሩ ከበደ እና እኔ። ዶክተር ሰናይት በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ኦሞ ትወርዳለች። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን ትሰፋለች፤ መንጋጋቸው የተሰበረ ሰዎችን ትጠግናለች። እኔ የሄድኩት ይህንን ዙር ለመጻፍ ነው። ስለ ታደለች የሰማሁት ሆሳዕናን ካለፍን በኋላ፣ መኪናው ውስጥ ነው።

«አንዲት መምህርት አለች» አለች ዶክተር። «ከጂንካ አንዲት ነርስ ፎቶ ልካልኛለች። ለአጥንት የሚሰጥ መርፌ እየወሰደች ጥርስ ተነቅላለች።»

መርፌው ከጥርስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቅኋት።

«አንተ የደብረ ብርሃን ሰው ነህ። የጭቃ ቤት ታውቃለህ። በየዓመቱ የተሰነጠቀውን ምርጊት አንሥታችሁ በአዲስ ትመርጋላችሁ አይደል? አጥንትም እንደዚያው ነው። አሮጌው ይነሣል፣ አዲሱ ይተካል። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ አሮጌውን የሚያነሡትን ሥራ ያበዛዋል፤ ቤቱ ይፈርሳል። መርፌው አንሺዎቹን ያስቆማል። ጀርባዋ አይሰበርም፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን መንጋጋ ከሌላው አጥንት ይልቅ ጥገና ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ያኝካል፣ ከአፍ ጀርምም የሚለየው ስስ ድድ ብቻ ነው። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን የሚጠግን የለም። አጥንቱ እዚያው ይሞታል።»

«ይቆረጣላ፤» አለ ከበደ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ይቆረጣል። መቼ እንደሚቆረጥ ነው ጉዳዩ። ዙሪያው ተቆጥቶ፣ መግል ይዞ ሳለ ከቆረጥክ ስፌቱ አይገጥምም፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቶብኝ አይቻለሁ። መጀመሪያ ብግነቱ መብረድ አለበት። ለዚህ ብዬ ከሦስት ሳምንት በፊት መድኃኒት አስጀምሬአታለሁ። ስንደርስ በርዶ እናገኘዋለን።»

አርባ ምንጭ ሲመሽ ገባን። እራት የሐይቅ ዓሣ ነበር፤ እኛ ዘንድ በጾም የምናገኘው ደርቆ የመጣ ነው፣ እዚህ ከነጭንቅላቱ ሳህኑን አልፎ ይወጣል። ከበደ የእኔንም ጨርሶ በላው።

ሰኞ

ከኮንሶ ቁልቁል ወደ ወይጦ ሲወረድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊትን ይመታል። እኔ ሹራብ ለብሼ ነበር። በደብረ ብርሃን ጥር ማለት ጠዋት የቧንቧ ውኃ በረዶ የሚሆንበት ወር ነው። ወይጦ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ጫማዬን፣ ከዚያ የሚወልቅ አጣሁ።

ድልድዩን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ከበደ ተጠባባቂውን አወረደ። እሱም ነፍስ የለውም።

«አዲስ አበባ አስነፍቼው ነበር» አለ።

«አየሁ» አለች ዶክተር።

«ዶክተር፣ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚታመም?»

አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን። ፍየሎቹን እየነዳ የመጣ አንድ የፀማይ ሽማግሌ ዶክተሯን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከእጁ የማይለየውን ትንሽ የእንጨት በርኮታ አቀበላት። በርኮታ ለእነሱ መቀመጫም ትራስም ነው። እሱ ራሱ ቆመ። አማርኛ ብዙ አይናገርም፤ «ተቀመጪ» የሚለውን ብቻ ደጋግሞ አለ። ጎማውን ከብት የጫነ አይሱዙ ወስዶ አስጠግኖ በሌላ መኪና እስኪመልስልን ድረስ ሰውየው ከእኛ ጋር ቆየ። ስንሄድ ከበደ ሙዝ ሰጠው። ሽማግሌው ግማሹን ለፍየሉ አበላ።

ጂንካ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከወይጦ በኋላ ጂንካ ሌላ አገር ትመስላለች፤ አረንጓዴ፣ ነፋሻ፣ በየአጥሩ ማንጎና አቮካዶ። ያረፍንበትን ሆቴል የያዙት ወይዘሮ ጽጌ የአሪ ተወላጅ ናቸው፤ ለእራት ኩርኩፋ አቀረቡልን፣ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ከሞሪንጋ ቅጠል ጋር የተቀቀለ። እኛ አገር ሰው ይህን ሲያይ «ጎመኑ የታለ፣ ቂጣው የታለ» ብሎ ሁለት ቦታ ይፈልገዋል። እዚህ አንድ ላይ ነው፣ ይጣፍጣል።

ዶክተሯ ወደ ክፍሏ ከገባች በኋላ ወይዘሮ ጽጌ ሳህኑን እያነሡ፣

«ታደለችንም ታያላችሁ አሉ» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

«የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጸልይላታለን። እሷ የመዘምራን ልምምድ ላይ ስትሆን ነው የምንጸልየው፣ እንዳትሰማ። ጋሼ፣ አደራ፣ እርስዎም ከአፍዎ እንዳያመልጥ። ካንሰር መሆኑን አታውቅም።»

ከመቼ ጀምሮ እንደማታውቅ ጠየቅኋቸው።

«ከመጀመሪያው። ሁለት ዓመት ሆነ። ባሏ ደምሴ ነው ያስማለን፤ ማለት፣ እኛ አንምልም፣ ቃል ያስገባን። እባጭ ነው የወጣልሽ፣ መርፌው አጥንት ማጠንከሪያ ነው ብሏታል። ደግ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ያሳከማት እሱ ነው።»

እኛ ቤትም ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ሐኪም ቤተሰብን ወደ ውጭ ይጠራል፣ ቤተሰብ ፊቱን አጥቦ ይመለሳል። ልማዱ አላስደነቀኝም። ያስደነገጠኝ ስፋቱ ነው። የማላውቃት ሴት በምትኖርበት ከተማ ገና አንድ ራት ሳልጨርስ፣ ስለ ገዛ አካሏ ከእሷ የበለጠ አውቄ ነበር።

ማክሰኞ

ታደለች ሆስፒታሉ የገባችው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነው። የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ዲመካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቤቷ ጂንካ ነው፤ ሳምንቱን ዲመካ አድራ ቅዳሜና እሑድ ትመለሳለች። ከኋላዋ ደምሴ ነበር፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ረጅም፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። ከነርሷ ከሲስተር ብዙነሽ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ አፏን አልገለጠችም።

«ሽታው ያሳፍረኛል» አለች። «ልጆቹ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መቀመጥ ትተዋል። እኔ ደግሞ ፈርተውኝ መስሎኝ ቁጣዬን ቀንሼ ነበር።»

ሳቀች። ዶክተር ሰናይትም ሳቀች፤ ባትሪዋንም አበራች።

ፎቶውን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። ፎቶ ሽታ የለውም። በግራ በኩል፣ ከድዱ መካከል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያለው አጥንት ወጥቶ ይታያል፤ ቀለሙ እንደ ከረመ ሻማ ነው። ዙሪያው ቀልቶ አብጧል። ዶክተሯ በብረት ነካ ስታደርገው ድንጋይ ላይ እንደተነካ ድምፅ ሰጠ። ታደለች አልተንቀሳቀሰችም፤ የሞተ አጥንት አያምም። ድዱ ሲነካ ግን የወንበሩን እጀታ ጨበጠች፤ መግል ወጣ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«መድኃኒቱን ጨርሰሻል?» አለች ዶክተር።

«አልጨረስኩም። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ። የተረፈውን ጥርሱን ለሚያመው መምህር ሰጠሁት። የጥርስ ቁስል አይደል? ለሁለታችንም ይበቃል ብዬ ነው።»

ዶክተሯ ደም እንዲቀዳላት አዘዘች። በደሟ የታየው የብግነት ምልክት ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ከፍተኛ ነበር።

ዶክተር ሰናይት ደምሴን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው። እኔም እንድሰማ ጠየቅሁ፤ ደምሴ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ዛሬ ልቆርጥ ነበር፣ አልችልም። መድኃኒቱን እንደገና ትጀምራለች። እኔ ወደ ቱርሚ ወርጄ ሰኞ እመለሳለሁ፤ ማክሰኞ አያታለሁ። እስከዚያ ግን ማወቅ አለባት።»

«ዶክተር፣ ልቧ ይሰበራል።»

«መንጋጋዋ እየተሰበረ ነው። ምን እንደሆነ ቢነገራት ኖሮ መድኃኒቷን ለጓደኛ ትሰጥ ነበር? ለምን እንደምቆርጣት የማታውቅ ሴት ላይ ቢላ አላነሣም። ወይ አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ።»

ደምሴ ኮፍያውን አዙሮ አዙሮ አየው። «እኔ አልችልም» አለ። «አንቺም እንግዳ ነሽ። በወጉ ይሁን። ሽማግሌዎች ይንገሯት።»

ረቡዕ

በዚህ ቀን ዶክተሯ ከጠዋት እስከ ማታ ሕፃናት ስትሰፋ ዋለች። ደምሴ ወደ እኔ መጣና ምሳ ጋበዘኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

ቤታቸው ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ በታች ነው። ረቡዕ እንደማልጾም በደምሴ በኩል ጠይቃ፣ ታደለች ዶሮ አሠርታ ጠበቀችኝ። ራሷ የምትጠጣው አጥሚት ነው፤ በግራ በኩል ማኘክ ካቆመች ሦስት ወር ሆኗታል። እየደጋገመች ታጎርሰኛለች።

«ደብረ ብርሃን እውነት ውኃ በረዶ ይሆናል?»

ይሆናል አልኳት።

«ታዲያ ሰዉ በምን ይታጠባል?»

«አንዳንዱ አይታጠብም።»

«በዚህ ሽታዬ እዚያ ብዛወር ማንም አያውቅብኝማ» አለች፤ ደምሴ ጮክ ብሎ ሳቀ። ዓይኑ አልሳቀም። ስለ ልጃቸው ናሆም ነገረችኝ፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ምህንድስና ይማራል፣ አንድ ልጃቸው ነው። ብርድ ልብስ ይላክልኝ ብሎ ደውሎ ነበር፤ «አርባ ምንጭ ላይ ብርድ ልብስ። የያዘውን ሸጦት ይሆናል» አለች። እኔ ዶሮውን ዋጥኩ። ከዚያ ይበልጥ የከበደኝ ገበታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ደምሴ ወደ በሩ ሲሸኘኝ ነገ እንደሚነገራት ነገረኝ። ሦስት የጉባኤው ሽማግሌዎች፣ ታላቅ ወንድሟና እሱ። ጥያቄ ብታነሣ እንድትመልስ ዶክተሯም እንድትመጣ። እኔም ብመጣ አይከፋውም። ሰዓቱን ጠየቅሁት።

«ንጋት ላይ። ቁርስ ሳትቀምስ፣ ከቤት ሳትወጣ። እንደ ወጉ።»

እኔም ወጉን አውቀዋለሁ። እኛም አገር ከባድ ወሬ የሚነገረው በንጋት ነው። ወጉ የተሠራው ግን ለምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ በዚያ ሰዓት አላሰብኩም። ደምሴም አላሰበም፤ ሽማግሌዎቹም አላሰቡም።

ሐሙስ

ጨለማው ሊገፈፍ ሲል በአጥራቸው በር ገባን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ወንድሟ ቀጥሎ፣ ዶክተሯና እኔ ከኋላ። ሁሉም ጋቢ ለብሷል፣ ማንም አይነጋገርም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ጋሽ ዳዊት፣ በሩን ሁለት ጊዜ መታ።

ታደለች በሩን ከፈተች። ጋሽ ዳዊትን አየች። ከኋላው ወንድሟን አየች። በንጋት፣ ጋቢ ለብሰው፣ ዝም ብለው የቆሙ ሰዎችን አየች።

«ናሆም» አለች።

ማንም አፉን ሳይከፍት መሬት ላይ ወደቀች። ደረቷን በሁለት እጇ ትመታ ጀመር። «ልጄን። ናሆሜን። ምን አገኘው። መኪና ነው? ውኃ ነው?» ድምፁ ከተዘጋው መንጋጋዋ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ወንድሟ ሊያነሣት ጎነበሰ፣ ገፈተረችው። በግራ ያለው ቤት በር ተከፈተ፣ የቀኙም። ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ለቅሶውን ተቀበሉ። አንዲት ሴት «ናሆምዬ፣ የኔ መልከ መልካም» እያለች ሙሾ ጀመረች። ይህ ሁሉ የሆነው ጋሽ ዳዊት ጉሮሮውን እስኪጠርግ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

«ታደለች። ስሚኝ። ናሆም ደኅና ነው።»

«አትዋሹኝ።»

«ማንም አልሞተም።»

«ማልልኝ።»

«አንምልም፣ ታውቂያለሽ። ደውዪለት።»

ስልኩን ከቤት ውስጥ ያመጣው ደምሴ ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በመጨረሻ የወጣቱ ድምፅ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው፣ ለሁላችንም ተሰማ።

«እማ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ» አለች። «ተኛ።»

ሙሾ ያወጣችው ሴት ነጠላዋን መልሳ ገለበጠች። ታደለች ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አይቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተችና ለሰላምታ እንኳ በማይሆን ሰዓት ሰው ስለማስደንገጥ ልትወቅሳቸው ጀመረች።

«ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን ልትሉ መጣችሁ?»

ጋሽ ዳዊት ደምሴን አየ። ደምሴ መሬቱን አየ።

«ስላንቺ ነው» አለ ደምሴ።

«ስለ እኔ ብቻ?»

«ስላንቺ ብቻ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ከዚያ ነገሯት። የነገራት ጋሽ ዳዊት ነው፤ በዝግታ፣ የበሽታውን ስም ጠርቶ። የቀረውን ዶክተር ሰናይት ጨመረችበት፤ ካንሰሩ ከጡቷ ወደ ጀርባ አጥንቷ መሄዱን፣ መርፌው አጥንቱን እንዳይሰበር እንደያዘው፣ በመርፌውም ምክንያት ጥርሱ እንዲሁ መነቀል እንዳልነበረበት። ታደለች ቆማ ሰማች። አልወደቀችም። የጠየቀችው ስለ ሞት አልነበረም። ዞር ብላ ጎረቤቶቿን አየች። አንዳቸውም አልደነገጡም።

«እናንተም ታውቁ ነበር?»

ጎረቤቶቹ ወደ አጥሩ በር አፈገፈጉ።

«መዘምራኑስ?»

«ያውቃሉ። አንቺ ልምምድ ላይ ስትሆኚ ጉባኤው ይጸልይልሽ ነበር» አለ ወንድሟ።

«እኔ እያለሁ ነው የሌለሁት ማለት ነው» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እባጩ ሲወጣ ጠርጥሬ ነበር። አንተ ስትስቅ አየሁና ተውኩት።» ቀጥላም፣ «ዲመካ ድንኳኑ ውስጥ ሰውየው መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር» አለችው።

«ቆሜ ነበር።»

«ጥርስ እንዳልነቀል ሐኪሙ ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኛል። ሳታማክሩን እንዳትነቀል ብሎኛል። ረስቼው አይደለም። ሰልፉ ላይ የትምህርት ቤትሽ ሰዎች ነበሩ። ብናገር ይሰማሉ፣ አንቺም ትሰሚያለሽ። ዝም አልኩ። ጥርስ ነው፣ ይድናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ታደለች ወደ ቤት ገባች። ወዲያው ተመልሳ ወጣችና ለዶክተሯ «ያ መድኃኒት በቀን ስንቴ ነው የሚወሰደው?» አለቻት።

ከሐሙስ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ

ቁልቁል ወደ ቱርሚ ስንሄድ ዲመካ ላይ ቆምን። የጥርስ ሕክምና ዘመቻው ድንኳን ከተነሣ ቆይቷል፤ ጥርሶቹን የነቀለው ወጣት ባለሙያ ግን ዲመካ ቀርቷል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፤ ሸፈሮ በቅል አስመጣልኝ። ሸፈሮ ከቡና ገለባ የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ገለባውን የሚጠጣ ቢገኝ እናዝንለታለን፤ እዚህ ሁለተኛ ቅል ጠየቅሁ።

አስታውሷታል። «ጠይቄአታለሁ» አለ። «'ለአጥንት ማጠንከሪያ' አለችኝ። ካልሲየም መሰለኝ። ባሏን አየሁት። 'አዎ፣ እሱ ብቻ ነው' አለኝ። እኔ ከዚህ በላይ ማንን ልጠይቅ?»

ደምሴ የነገረን ዝም ማለቱን ነው። ይኼኛው መናገሩን ነው የሚለው። ጽፌ ያዝኩት።

ቱርሚ ሦስት ሌሊት አደርን። መንገዱ መኪናውን ሳይሆን ሆድን ነው የሚያናውጠው። ከበደ በያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጉድጓዱን ይሁን እኛን አይታወቅም። አንዲት የሐመር እናት ከንፈሩ የተሰፋውን ልጇን ደጋግማ አየችው፣ ከዚያ ሌላ ልጅ እንዳልተሰጣት ለማረጋገጥ ይመስለኛል፣ የጀርባውን ምልክት ፈለገች። ዶክተሯ በዚያ ሣቀች፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እሑድ

ሌሎቹ ሰኞ ይመለሳሉ፤ እኔ ቀድሜ፣ ሰው በጫነ ሚኒባስ ወደ ጂንካ ተመለስኩ። ደምሴን በወንድሙ ቤት አገኘሁት፤ ከሐሙስ ጀምሮ የሚያድረው እዚያ ነው። የዲመካው ባለሙያ ያለውን ነገርኩት።

«ብያለሁ» አለ። «'እሱ ብቻ ነው' ብያለሁ። ሐሙስ ያንን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። ነገርኳት። ትናንት ሄጄ ነገርኳት።»

«ምን አለችህ?»

«'ይጻፈው' አለችኝ። ለአንተ እንድነግርህ ማለቷ ነው።»

በዚያው ጠዋት በጉባኤው ስለሆነው የነገሩኝ ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ከመዝሙሩ በኋላ ታደለች ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «ለሁለት ዓመት ያወቃችሁትን እኔም ሐሙስ አውቄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት ጸልዩ» ብላ ተመልሳ ቦታዋ ቆመች። «ቀጣዩን መዝሙር የሚጀምር ሰው ጠፋ» አሉኝ ወይዘሮ ጽጌ። «እሷው ጀመረችው። በግራ በኩል አፏ ስለማይከፈት ቃሉ ትንሽ ይጎድላል።»

ማክሰኞ

የደም ምርመራው ከጠዋቱ መጣ። የብግነት ምልክቱ ወርዷል፤ ወደ ጤነኛው መጠን ግን አልደረሰም። መግል ቆሟል፤ ድዱ ከፊት በኩል በርዷል፣ ከኋላ በኩል ገና ቀይ ነው።

ዶክተር ሰናይት ይህን ለታደለች ነገረቻት። በክፍሉ ውስጥ ሲስተር ብዙነሽና እኔ ነበርን። ደምሴ ኮሪደሩ ላይ ነበር።

«ሁለት መንገድ አለ» አለቻት። «አንድ ወር ጠብቀን ሙሉ በሙሉ ሲበርድ እንቆርጣለን፤ ያኔ ግን እኔ እዚህ የለሁም፣ አዲስ አበባ ትመጫለሽ። ወይም ዛሬ። ዛሬ ከሆነ ከፊት ይገጥማል ብዬ አምናለሁ። ለኋላው ማረጋገጫ የለኝም።»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«እጠብቅ ነበር።»

«በሚቀጥለው ሳምንት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ይከፈታል» አለች ታደለች። «ልጆቹ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይመለሱልኝ። ዛሬ ቁረጪው።»

ዶክተሯ አልተከራከረችም። ደግማ ግን አስረዳቻት፤ ታደለችም መልሳ በራሷ አነጋገር አስረዳቻት፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው። ፈረመች።

ገብቼ እንዳይ ተፈቀደልኝ። የሞተው አጥንት ከሕያው የሚለየው በደም ነው፤ ዶክተሯ ደም እስኪያወጣ ድረስ ትፍቃለች፣ ደም ሲያወጣ ታቆማለች። ከፊት በኩል ቶሎ ደማ። ከኋላ በኩል ረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ፋቀች፣ አየች፣ ደግማ ፋቀች። ከሥር የሚያልፈው ነርቭ ስለቀረባት መሄድ የምትፈልገውን ያህል አልሄደችም። ድዱን ስባ ሸፍና ሰፋችው። የወጣው አጥንት በሳህኑ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ነበር፤ ለምርመራ ተላከ።

ኮሪደሩ ላይ ደምሴ ቆሞ ነበር። ሲስተር ብዙነሽ «ወጥታለች» አለችው። መግባት ይችል እንደሆነ ጠየቃት። ገብታ ጠየቀችለት። ስትመለስ «አንተ ግባ፣ ኮፍያህን ግን አውልቅ ብላለች» አለችው። ኮፍያው በእጁ ነበር።

ረቡዕ

ጂንካን ለቅቀን ወጣን። ወይዘሮ ጽጌ የስንቅ አቮካዶ በከረጢት ሞልተው ሰጡን፤ ኮንሶ ሳንደርስ በሙቀቱ በሰለ፣ ሶዶ ላይ ሦስቱን በላን፣ የቀረው በከበደ ወንበር ሥር ፈሰሰ። ደብረ ብርሃን ስገባ ውኃው በረዶ ሆኖ ነበር።

በመጋቢት ሲስተር ብዙነሽ ደወለችልኝ። የተላከው አጥንት ውጤት መጥቷል፤ የሞተ አጥንት ነው፣ ካንሰር አልተገኘበትም። ከፊት ያለው ስፌት ገጥሟል። ከኋላ በኩል ተከፍቷል፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል አጥንት ትታያለች፣ መግል የለም። ታደለች እያስተማረች ነው። መርፌው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ከሐኪሟ ጋር ራሷ ለመነጋገር ባለፈው ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች። ደምሴ እስከ መናኸሪያ ሸኝቷታል፤ አብሯት አልተሳፈረም።